ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ዳኛው ምክንያቱን ይጻፍ!

በአማርኛችን «ዳኛ» የሚለው ቃል ሸክሙ ብዙ ነው። ችሎት ላይ የሚሰየመውም ዳኛ ነው፤ ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋውም ዳኛ ነው፤ የሁለት ጎረቤቶችን የአጥር ጠብ የሚያይ ሽማግሌም ለዚያች ቀን ዳኛ ነው። አንዱ ቃል ለሁሉም የበቃው ቃል አጥሮን አይመስለኝም። ሥራቸው አንድ ስለሆነ ነው። ሁለት ወገን ይቀርባል፤ አንዱ ይረታል፤ የተረታው ደግሞ «ለምን ተረታሁ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ይህችን «ለምን?» የምትባል ጥያቄ ያልመለሰ ዳኛ፣ ካባ ቢደርብም ፊሽካ ቢያንጠለጥልም፣ ሥራውን ገና አልጨረሰም።

ዛሬ የማነሣው ይህችን ጥያቄ ጨርሶ ስለማይመልስ አንድ የዳኛ ዓይነት ነው። ቡጢውም፣ እርግጫውም፣ ትግሉም፣ ማነቂያውም ባንድ ላይ ስለተቀላቀሉበት የድብልቅ ማርሻል አርት (ኤም.ኤም.ኤ.) ነጥብ ሰጪ ዳኛ።

«አገሩ ስንት ጉድ ተሸክሞ አንተ ስለ አሜሪካ ቡጢ ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይታገሠኝ። ከላስ ቬጋስ ቅዳሜ ማታ የሚካሄደው ትልቁ ግጥሚያ እኛ ዘንድ የሚደርሰው እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከቅዳሴ በሚመለስበት ሰዓት ነው። የሚከታተሉት የሰፈራችን ልጆች ቁጥር ደግሞ ቀላል አይደለም። ውጤቱ ሲነገር «ተበላ! ተዘረፈ!» የሚለው ጩኸት እዚህም ይሰማል። እኔ ዘረፋ ነው ብዬ አልምልም። ዘረፋ መሆን አለመሆኑን እንኳ ለማወቅ የሚያስችል ነገር አልተሰጠንም ነው የምለው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ያለ ዳኛ የተጀመረ ጨዋታ

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ስፖርት ሲጀመር ነጥብ ሰጪ አያስፈልገኝም ብሎ ነበር የተነሣው። በኖቬምበር 1993 ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ውስጥ የመጀመሪያው የዩ.ኤፍ.ሲ. ውድድር ሲደረግ ነጥብ የለ፣ የነጥብ ዳኛ የለ። ከመንከስና ዓይን ከመጎርጎር በቀር ክልክል የሚባል ነገርም እምብዛም አልነበረም። የሚሸነፈው የተዘረረ፣ መሬቱን መታ መታ አድርጎ እጁን የሰጠ፣ ወይም ረዳቱ ፎጣ የወረወረለት ነው። ያን ዕለት ያሸነፈው ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ በማነቂያ እየያዘ ከሱ የገዘፉትን እጅ ሲያሰጥ፣ «ዳኛ ምን ያደርጋል? ጨዋታው ራሱ ይፈርዳል» የተባለ መሰለ።

ግን ጨዋታው ሁልጊዜ ራሱ አይፈርድም። በኤፕሪል 1995 ቻርሎት ከተማ ላይ ይኸው ግሬሲ ከኬን ሻምሮክ ጋር 36 ደቂቃ ሙሉ ተጣብቆ ከረመና ማንም ማንንም ሳይጥል አለቀ። ዳኛ የለምና አሸናፊ የሚለይ ጠፋ፤ አቻ ተባለ። ከዚያ ወዲያ የነጥብ ዳኞች መጡ።

ቀጥሎ ፖለቲከኞቹ ገቡ። ሴናተር ጆን ማኬይን በ1996 ነገሩን ከዶሮ ማዋጋት ጋር አመሳስለው ለየግዛቱ ገዥዎች ደብዳቤ በመጻፍ እንዲታገድ ወተወቱ። በየቦታው ሲታገድበት ስፖርቱ ሕግ ማበጀት ግድ ሆነበት። የኒው ጀርሲ የስፖርት ቁጥጥር ቦርድ በ2000 እና በ2001 ዛሬ «የጋራ ደንብ» የሚባለውን መሠረት ጣለ። የኔቫዳ ኮሚሽንም በ2001 በሩን ከፈተ። እንዲህ እንዲህ እያለ የአሜሪካ የቦክስ ኮሚሽኖች ማኅበር በ2009 ተቀበለው።

የነጥቡ ነገር ግን እንደ አዲስ አልታሰበም። ከቦክስ ላይ እንዳለ ተነሥቶ መጣ። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ነው።

በከሰል ሚዛን ወርቅ መመዘን

አሠራሩ እንዲህ ነው። 3 ዳኞች አጥሩን ከ3 አቅጣጫ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ዙር 5 ደቂቃ ነው። ተራው ግጥሚያ 3 ዙር፣ የቀበቶና የምሽቱ ዋና ግጥሚያ 5 ዙር ነው። ዙሩ ባለቀ ቁጥር ዳኛው ላሸነፈው 10፣ ለተሸነፈው ብዙውን ጊዜ 9 ብሎ ይጽፋል። በሰፊው ከተበለጠ 8፣ ፈጽሞ ከተደቆሰ 7። መጨረሻ ላይ ይደመርና ከ3ቱ ዳኞች 2ቱን ያገኘ እጁ ከፍ ይላል።

ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። እስቲ አበበና ከበደን አጥሩ ውስጥ እናስገባቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ከበደ በፀጉር ያህል ልዩነት በለጠ፤ አንድ ሁለት እርግጫ አበለጠ እንበል። በ3ኛው ዙር አበበ ከበደን አንሥቶ አፈረጠው፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ ደበደበው፣ ከበደ በደወል ነፍሱ ተረፈች። ዳኛው ሦስቱንም ዙር 10 ለ 9 ካለ፣ አሸናፊው ፊቱ ያበጠው ከበደ ነው፤ 29 ለ 28! ደፍሮ የመጨረሻውን 10 ለ 8 ቢል እንኳ 28 ለ 28፣ አቻ። የፀጉር ያህሏም ብልጫ 10 ለ 9፣ የጡንቻው ዱላም 10 ለ 9። ይህ በከሰል ሚዛን ወርቅ እንደ መመዘን ነው።

በቦክስ የቀበቶ ግጥሚያ 12 ዙር አለ። አንዱ ዙር ላይ የተፈጠረ ስሕተት በሌሎቹ 11 ሊካካስ ይችላል። በ3 ዙር ላይ ግን አንዲት ስሕተት የጨዋታው ሲሶ ናት።

ሕግ አውጪዎቹ ይህን አላጡትም። ማኅበሩ በ2016 መመዘኛውን አሻሽሎ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ እንዲሠራ አደረገ። በአዲሱ መመዘኛ መጀመሪያ የሚታየው ምቱና ትግሉ ያስከተለው ውጤት ነው፤ ማለትም ግጥሚያውን ወደ ፍጻሜው ያቀረበው ማነው የሚለው ነው። በዚህ ፍጹም እኩል ከሆኑ ብቻ ወደ ፊት እየገፋ ያጠቃው ማነው ይባላል። በዚያም እኩል ከሆኑ ሜዳውን የተቆጣጠረው ማነው ይባላል። ለ10 ለ 8 ደግሞ ጉዳት፣ የበላይነትና የቆይታ ጊዜ ይታዩ ተባለ። መልካም ነው። ግን ኒው ጀርሲን ጨምሮ አንዳንድ ግዛቶች ወዲያው አልተቀበሉትም። ደንቡ ስሙ «የጋራ» ሆኖ ሳለ፣ አንድ ዓይነት ጨዋታ ድንበር በተሻገረ ቁጥር በተለያየ ዓይን ይታይ ነበር ማለት ነው።

ሌላ መንገድም ተሞክሯል። ከ1997 እስከ 2007 በቆየው የጃፓኑ ፕራይድ ውድድር፣ ዳኞች ዙር በዙር ነጥብ መስጠታቸውን ትተው ጨዋታውን ከነሙሉው አይተው ነበር የሚፈርዱት። የኛ አበበ እዚያ ቢጫወት ኖሮ ያሸንፍ ነበር። ግን ዳኛው እዚያም «ለምን?» አልተባለም።

አንዲት ዙር፣ አንድ ቀበቶ

አሁን ከምሳሌ ወደ እውነተኛው ታሪክ ልምጣ። ኖቬምበር 16 ቀን 2013፣ ላስ ቬጋስ። ካናዳዊው ሻምፒዮን ጆርጅ ሴንት ፒየርና አሜሪካዊው ጆኒ ሄንድሪክስ 5 ዙር ሙሉ ተፋለሙ። ሲያበቃ የሻምፒዮኑ ፊት ተበለሻሽቶ ነበር። አዳራሹ አዲስ ሻምፒዮን ሊያይ ተዘጋጀ። ውጤቱ ተነበበ፦ ሁለት ዳኞች 48 ለ 47 ለሴንት ፒየር፣ አንዱ 48 ለ 47 ለሄንድሪክስ። ቀበቶው ከነበረበት አልተነቃነቀም። የዩ.ኤፍ.ሲ. አለቃ ዴና ኋይት ሳይቀር የኔቫዳን ኮሚሽን አብጠለጠለ፤ የግዛቲቱ ገዥ ጣልቃ ይግቡ እስከማለት ደረሰ።

የነጥብ ወረቀቶቹ ሲገለጡ ምን ታየ? 2ኛውንና 4ኛውን ዙር 3ቱም ዳኞች ለሄንድሪክስ ሰጥተዋል። 3ኛውንና 5ኛውን 3ቱም ለሴንት ፒየር ሰጥተዋል። የተለያዩት በ1ኛው ዙር ብቻ ነው። የዓለም ሻምፒዮንነት የተወሰነው ገና ላብ ሳይወጣ በነበሩት 5 ደቂቃዎች ነበር ማለት ነው!

ልብ በሉ፤ ወደ 5ኛው ዙር ሲገቡ በ2ቱ ዳኞች ወረቀት ላይ 38 ለ 38 እኩል ነበሩ፤ በ3ኛው ዳኛ ሄንድሪክስ 39 ለ 37 ይመራ ነበር። ቀበቶው በመጨረሻዋ ዙር ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን የሚያውቁት ግን ወረቀቶቹ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ተጋጣሚዎች አያውቁም፤ አሠልጣኞቻቸው አያውቁም፤ ገንዘቡን ከፍሎ የገባው ሕዝብ አያውቅም። እግር ኳስ ላይ ጎሉ ተደብቆ 90 ደቂቃ ካለቀ በኋላ «ለካ 2 ለ 1 ነበራችሁ» ቢባል ስታዲየሙ ይቃጠላል። እዚህ ግን ወግ ሆኖ ተቀምጧል።

ከ1ኛው ዙር ላይ ሴንት ፒየርን የመረጡት 2 ዳኞች አጥፍተዋል አልልም። ዙሩ ለማንም ሊሰጥ የሚችል ዙር ነበር። ምናልባት አንዱ ዳኛ ከተቀመጠበት ያየውን ምት ሌላው የአጥሩ ምሰሶ ከልሎት ይሆናል፤ ምናልባት አንዱ ጠልፎ መጣልን አክብዶ፣ ሌላው ክርንና ጉልበትን አክብዶ ይሆናል። «ምናልባት» እያልኩ የምደረድረው ወድጄ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው «10» እና «9» ብቻ ስለሆነ ነው።

በፌብሩዋሪ 2020 ሂውስተን ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ጆን ጆንስ ዶሚኒክ ሬየስን በሙሉ ድምፅ አሸነፈ ተባለ። 2ቱ ዳኞች 48 ለ 47 ሲሉ 3ኛው 49 ለ 46 አለ። የመጀመሪያዎቹን 3 ዙሮች ሬየስ ወስዷል ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው ባለበት፣ ይህ ዳኛ ከ5ቱ ዙሮች ለሬየስ የቆረሰለት አንዲት ብቻ ናት። ምን አይቶ? እኛ ያላየነውን አይቶ ከሆነ ይንገረንና እንማር። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላል የኛ ሰው። እዚህ ግን ፈራጁ ራሱ አይናገርም።

የሚቆረሰው እንጀራ ነው

አንዳንድ ሰው «ምናለ፣ ጨዋታ አይደል?» ይላል። ለሚያየው ጨዋታ ነው። ለሚደበደበው ግን እንጀራ ነው። በዚህ ሙያ የተለመደው ውል ክፍያውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ለመግባት ይህን ያህል፣ ካሸነፍክ ደግሞ ሌላ ያን ያህል። ለመግባት 10 ሺህ፣ ለማሸነፍ 10 ሺህ ዶላር የተዋዋለ ጀማሪ አለ እንበል። አንዱ ዳኛ አንዲቷን አጠራጣሪ ዙር ወደዚያ ወይም ወደዚህ ባደረጋት ቁጥር፣ የዚህን ልጅ የወራት ድካም ዋጋ ግማሽ አነሣ ወይም ሰጠ ማለት ነው። ልጁ ከዚያችው ላይ ለአሠልጣኝ ይከፍላል፣ ለወኪል ይከፍላል፣ የቤት ኪራይ ይጠብቀዋል። የመዝገቡ መበላሸት ደሞ አለ። ሁለት ሦስቴ በተከታታይ የተሸነፈ ሰው ሊሰናበት ይችላል።

ታዲያ የት አቤት ይባላል? የኔቫዳን ደንብ ብንወስድ ኮሚሽኑ ውጤት የሚቀይረው በ3 ምክንያት ብቻ ነው፦ መመሳጠር ከተረጋገጠ፣ ድምሩ ላይ ስሕተት ከተገኘ፣ ወይም የመሃል ዳኛው ደንብ አዛብቶ ተርጉሞ ከሆነ። «ዳኛው አላየልኝም» የሚባል አቤቱታ በር የለውም። መደመሩን የሳተ ይታረማል፤ ማየቱን የሳተ ግን አይጠየቅም!

እርግጥ አንዳንዴ ጊዜ ራሱ ይፈርዳል። በኦክቶበር 2009 ሎስ አንጀለስ ላይ 3ቱም ዳኞች 48 ለ 47 ብለው ለሊዮቶ ማቺዳ የፈረዱበት ማውሪሲዮ ሩዋ፣ በሜይ 2010 ሞንትሪያል ላይ እንደገና ተገናኝቶት በ1ኛው ዙር ዘርሮት ቀበቶውን ወሰደ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ማለት ይኸው ነው። ግን ለስንቱ? ሬየስ ከጆንስ ጋር ዳግም አልተገናኘም። ጆንስ በዚያው ዓመት ቀበቶውን ትቶ ወደ ከባድ ሚዛን ሄደ። ሬየስ ደግሞ ተከታታይ ሽንፈት ወረደበት። ንጋቱ ለሁሉም ሰው በልኩ አይነጋም።

«ለዳኛ አትተወው»

በዚህ ስፖርት ዘንድ አንድ የተለመደ አባባል አለ፦ «ነገሩን ለዳኞች አትተው፤ ዘርረህ ጨርስ» ይላሉ። አሠልጣኙም አለቃውም ይህንኑ ይደጋግማል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያበሽቀኝ ይህ ነው። በደል የደረሰበትን መልሶ «ያንተው ጥፋት ነው፤ ለምን ፍርድ ቤት ደረስክ?» እንደ ማለት ነው። ሰውየው እኩያውን ገጥሞ 25 ደቂቃ ተፋልሟል። ዳኛ የተቀመጠው እኮ እንዲህ ያለውን ቀን ለመለየት ነው! በዝረራ ላለቀ ግጥሚያማ ዳኛ ምን ይሠራል? እዚያ ወለሉ ላይ የተኛው ሰው ራሱ ማስረጃ ነው። የዳኛ ሥራ የሚጀምረው ማስረጃው ሲጠጥር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ነጥቡ ዙር ባለቀ ቁጥር ይነገር። ይህ ሕልም አይደለም። የካንሳስ ግዛት ኮሚሽን በ2020 ፈቅዶት፣ ኢንቪክታ የተባለው የሴቶች ውድድር በዚያው ዓመት ሥራ ላይ አውሎታል። «የሚመራው ይሸሻል፣ ጨዋታው ይሞታል» የሚል ክርክር ይነሣል። ሽሽት እኮ በደንቡ ጥፋት ነው፤ የመሃል ዳኛው ነጥብ የመቀነስ ሥልጣን አለው፤ ይቀንስ። ደግሞስ የሚመራው ቢሸሽ፣ የሚመራበት እንደ እሳት ይነድዳል። ሄንድሪክስ ከ5ኛው ዙር በፊት «ሁለቱ ዳኞች ዘንድ እኩል ናችሁ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ያችን ዙር እንዴት ይጫወታት ነበር? አሸንፎ ወይም ተሸንፎ፣ ቢያንስ አውቆ ይገባባት ነበር። «ሕዝቡ ዳኛውን ያስፈራራዋል» የሚሉም አሉ። የሕዝብ ጩኸት የሚያስደነግጠው ሰው መጀመሪያውኑ እዚያ ወንበር ላይ ምን ወሰደው?

ሁለተኛውና ለእኔ ዋናው፣ ዳኛው ምክንያቱን ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ዙር መጽሐፍ ይጻፍ አላልኩም። ዳኞቹ በተለያዩባት ዙር ላይ ብቻ፣ ግጥሚያው ካለቀ በኋላ በቀናት ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር፦ «ይህንን ምት አክብጄ፣ ያንን ጥለት ውጤት የለውም ብዬ፣ በዚህ መመዘኛ ለእገሌ ሰጥቻለሁ»። ኮሚሽኑ ያውጣው፤ ሁላችንም እናንብበው። ያኔ ጥሩው ዳኛ ከመጥፎው ይለያል። ያኔ ተጫዋቹም በምን እንደተረታ አውቆ ወደ ልምምዱ ይመለሳል። ያኔ «ተዘረፈ!» የሚለው ጯሂም ቢሆን የሚከራከርበት ነገር ያገኛል፤ ወይም ያፍርና ዝም ይላል።

«ዳኞቹ ጥቂት ናቸው፣ እንዲህ ካስጨነቅናቸው ይሸሹናል» ይባል ይሆናል። ይሽሹ! ለሰጠው ፍርድ ሦስት መስመር ምክንያት ማቅረብ የሚከብደው ሰው መሸሹ ለስፖርቱ ጤና ነው።

ይህን ከሰማይ ያወረድኩት አይደለም። በአባቶቻችን ሸንጎ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ከታናሹ ጀምሮ እስከ ታላቁ እየተነሡ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ይሉ ነበር። ከሳሽም ተከሳሽም፣ መንገደኛው ሳይቀር፣ ቆሞ ይሰማል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችንም ፍርድ ሲጻፍ ምክንያቱን እንዲይዝ ያዛል። ሕጉ ሌላ፣ የሚሠራበት ሌላ የሚሆንበት ቀን እንዳለ የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል። ግን ቢያንስ ጽሑፉ አለ፤ ቢያንስ «ምክንያቱ የታለ?» ብለን የምንሟገትበት ቃል አለ። የአጥሩ ዳኛ ይህ እንኳ የለበትም።

በኃይል የሚፋለሙ ሰዎች በሕግ ይዳኙ ከተባለ፣ ሕጉ የሚያጎናጽፋቸው ትንሿ ክብር የተሸነፉበትን ምክንያት ማወቅ ናት። የተረታ ሰው መረታቱን ሊቀበል ይችላል። ያልተነገረውን ግን ሊቀበል አይችልም፤ ሲጠረጥር ይኖራል እንጂ። ጥርጣሬው ደግሞ በሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በትክክል ወደ ፈረደው ዳኛም፣ በትክክል ወዳሸነፈው ሰውም ይዛመታል። የድል ቀበቶ የሚያኮራው «እንዴት አገኘኸው?» ሲባል መልስ ሲኖረው ነው።

ዳኞች ሆይ፣ ቁጥሩን አይተናል። አሁን ምክንያቱን አምጡ።

ቸር ሰንብቱ።